‹‹ውሃ ትጠጣለች›› ሲሉኝ ባለመስማቴ

ይህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ምግብ አሠራር የሚነገርበት በመሆኑ፣ ዛሬ ስለ አንዲት አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ላወጋችሁ ስነሳ ‹‹ይቺ ሴትዮ ገጽ ተሳስታ ይሆን?›› የምትሉ አትጠፉም። አልተሳሳትኩም። በከተማችን ስንት ቤተሰብ በአንዲት ያገለገለች ሚኒባስ እንደሚተዳደር፣ ስንት ልጅም በእርሷ ገቢ ደብተርና ጫማ እንደሚገዛለት ታውቁታላችሁ። ገንዘቡ የሚጠራቀመው በእቁብና በቁጠባ፣ አብዛኛውን ጊዜም በእናቶች እጅ ነው። መኪናዋ ከተገዛች በኋላ ግን ‹‹ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው›› ብለን ዘወር እንላለን፤ አለዚያም እንደ እኔ ገንዘቡን ጨብጠን ዕውቀቱን እንተወዋለን። ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ልንገራችሁ።

በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ በሕመም ምክንያት ሥራውን ከተወ በኋላ የቤቱ ቀንበር በእኔ ትከሻ ላይ ወደቀ። በ2008 ዓ.ም. የደረሰኝን እቁብ፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደርኩትንና ባለቤቴ ያስቀመጣትን ጥቂት ገንዘብ አንድ ላይ አድርገን አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ሃይስ ገዛን። ቶዮታ ሃይስ የሚባለውን መኪና መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የእኛዋ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከተሠሩት፣ ሕዝቡ ‹‹ዶልፊን›› ከሚላቸው ዘር ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የመጣችውን ደግሞ ‹‹አባዱላ›› እንላታለን። ዶልፊኖቹ በብዛት የሚይዙት ‹‹ቱ ኤል››፣ ‹‹ስሪ ኤል›› እና ‹‹ፋይቭ ኤል›› የሚባሉ ባለ አራት ፒስተን የናፍጣ ሞተሮችን ሲሆን፣ መጠናቸውም እንደ ቅደም ተከተላቸው 2,446፣ 2,779 እና 2,986 ሲሲ ነው። የእኛዋ ስሪ ኤል ነበረች። ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነውና፣ ጋቢና ተቀምጣችሁ እግራችሁን ሙቀት የሚሰማችሁ በዚሁ ምክንያት ነው።

መኪናዋን ይዘው የሚሠሩልን ሹፌር በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ‹‹ጋሼ›› እላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ‹‹እትዬ›› ይሉኛል። የሚሠሩት ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ባለው መስመር ነው። ስምምነታችን እንደ ብዙዎቹ ነበር፤ ከናፍጣው፣ ከእርሳቸውና ከረዳቱ ድርሻ የተረፈውን የተቆረጠ ሒሳብ በየማታው ያስገቡልኛል። እኔም የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና በደብተሬ ላይ ቀኑን፣ ገቢውንና የተጠየቀውን ወጪ አንድም ሳላስቀር እጽፋለሁ። በዚህ ደብተር በጣም እኮራ ነበር። በኋላ የመሰከረብኝም እርሱው ነው።

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ አንድ ማታ ሒሳብ ሲያስረክቡኝ ‹‹እትዬ፣ መኪናዋ ውሃ ትጠጣለች። የራዲያተሩን ክዳን እንቀይርላትና የሚያፈስበት ካለም ይታይልን›› አሉኝ።

‹‹ውሃ በነጻ አይደለም እንዴ ጋሼ? ትጠጣ እንጂ!›› ብዬ ሳቅሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው ሄዱ።

በሰኔ ደግመው ጠየቁኝ። ሰኔ ማለት ለእናት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የልጆች ምዝገባ፣ የክረምት ልብስ፣ የጣሪያ ጥገና ሁሉ የሚመጣበት ወር ነው። በዚያ ላይ ከሁለት ሳምንት በፊት የፍሬን ሸራ ገዝቼ ስለነበር፣ ‹‹እኚህ ሰውዬ ጠያቂነት ለመዱብኝ›› የሚል ጥርጣሬ በልቤ ገባ። ለሦስተኛ ጊዜ በሐምሌ መጀመሪያ ሲጠይቁኝ ‹‹ሌላው ሹፌር እንዲህ ነው ወይ የሚነዘንዘው?›› አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃ አላነሡብኝም። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ታሪኩን ከመቀጠሌ በፊት፣ ያኔ የማላውቀውንና ብዙ ከከፈልኩ በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ። የቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ ይሠራል። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። አየር ወደ ውስጥ ስቦ ሃያ እጥፍ ያህል ያምቀዋል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ልጅ ያላችሁ እንደሆነ መንፊያው እንዴት እንደሚሞቅ ጠይቁት፤ ይህም እንደዚያው ነው። የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ናፍጣው በኖዝል ሲረጭበትም ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። እንግዲህ የናፍጣ ሞተር ጤንነት ማለት ይህን የታመቀ አየር ሳያሾልክ መያዝ ማለት ነው። በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ፋሻዎች፣ ቫልቮቹ፣ በሞተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ሁሉ ሥራቸው ማፈን ነው። ከነዚህ አንዱ ሲላላ መኪናዋ በጠዋት አልነሣ ትላለች፣ ዳገት ላይ ትደክማለች፣ ናፍጣም ታበዛለች።

ውሃው ደግሞ ይህን ሁሉ ሙቀት የሚያበርድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሽንብራና ባቄላ ከቆላው ይልቅ እኛ ዘንድ ብዙ ሰዓት የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው። የራዲያተር ክዳን የሚባለው ነገር እንግዲህ እንደ ማሰሮ ክዳን ተራ መክደኛ አይደለም። በውስጡ ሞላና ላስቲክ ስላለው እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል፤ በዚህም ምክንያት ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። እንደ ታፈነ የእንፋሎት ድስት ማለት ነው። ላስቲኩ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲላላ ግን ውሃው በዚያው በ92 ዲግሪ እየፈላ በእንፋሎት ያልቃል። ‹‹ውሃ ትጠጣለች›› ማለት ይህ ነው። አበው ‹‹እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ›› የሚሉት እኔ ቤት መጥቶ፣ እኔም በእርግጥ ስቄ ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናብ ሲያካፋ በነበረበት ጠዋት፣ መኪናዋ ሙሉ ሰው ይዛ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ስትወጣ ከወንበሩ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ከኋላ ነጭ ጭስ እንደ ጉም ተከተላት። አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት በድንጋጤ ስትወርድ ጉልበቷ ተጋጠ እንጂ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰው ላይ ሌላ ጉዳት አልደረሰም። መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ስደርስ መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ አሳየኝ። ዘይቱ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ወተት የበዛበት ቡና መስሏል። ‹‹ውሃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል፤ ቴስታታው መውረድ አለበት›› አለኝ። ሲወርድም ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ፣ ቴስታታው ጠሞ፣ በሁለት ቫልቮች መካከልም ተሰንጥቆ ተገኘ። የጠመመ ቢሆን ብቻ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይስተካከል ነበር፤ የተሰነጠቀው ግን መለወጥ ነበረበት።

እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ ሹፌራችን ዞሬ፣ ‹‹የልጆቼን እንጀራ ያቃጠሉት እርስዎ ነዎት!›› አልኳቸው። እርሳቸው ምንም አልመለሱም። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ከመሣሪያ ሣጥኑ ላይ አስቀመጡና ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ረዳቱም ተከትሏቸው ሄደ።

መኪናዋ 23 ቀን ቆመች። የወጪውን ነገር በብር ብነግራችሁ የዛሬ ዋጋ ነገ ስለሚያረጅ ብዙም አይጠቅማችሁም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና እየጠገነ መያዝ ግድ ሆኖበታል። የብር ምንዛሪም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ዋጋው ወጥቷል። ስለዚህ እኔ የጥገና ወጪ የምቆጥረው በ‹‹ቀን›› ነው። አንድ ቀን ማለት መኪናዋ ሠርታ ውላ ማታ ቤት የምታስገባው ገቢ ነው። በዚህ መለኪያ ያ የተከለከለው ክዳን ዋጋው የግማሽ ቀን ነበር። ቴስታታው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ የቶርኖ ቤቱና የእጅ ዋጋው ግን 48 ቀን ወሰደ። በዚህ ላይ የቆመችበትን 23 ቀን ስትጨምሩ 71 ቀን ይሆናል። የግማሽ ቀን ወጪ አንድ መቶ አርባ ሁለት እጥፍ ሆኖ ተከፈለ ማለት ነው። ለዚህ ሲባል ለታላቋ ልጄ ያስቀመጥኩት የእናቴ የአንገት ሐብል ተሸጠ።

ሐብሉ ቢቆጨኝም፣ ከሁሉ የሚብሰው ሌላው ነበር። መኪናዋን ልረከብ በሄድኩበት ቀን መካኒኩ አሮጌ ዕቃዎቹን በካርቶን ሰብስቦ ሰጠኝ። የራዲያተሩን ክዳን አንሥቶም ላስቲኩን በጥፍሩ ሲነካው እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈረፈረ። ‹‹ይህን ያዩ ሹፌር እንዴት ዝም አሉ?›› ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። በግንቦት ገጽ ላይ ‹‹ለራዲያተር ክዳን ተጠይቆ አልተሰጠም››፤ በሰኔ ገጽ ላይ ‹‹ለክዳን በድጋሚ ተጠይቆ አልተሰጠም››፤ በሐምሌም እንዲሁ፤ ሁሉም በእጄ ጽሑፍ ተጽፏል። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያነብ ቆየና ‹‹እንግዲህ መዝገቡ ሰውዬውን ነጻ አውጥቷል›› አለኝ።

በማግሥቱ እሑድ ስለነበር ባለቤቴን ይዤ እቤታቸው ይቅርታ ልጠይቅ ሄድን። ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ተቀበሉን። በበሩ ጥግ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረው አየሁ። ለካስ እመቤቲቱ ያን ሁሉ ወር በየሌሊቱ ተነሥተው ከቦኖ ውሃ እየቀዱ ይሞሉላቸው ነበር። ጋሼም በየተራው ማዞሪያ ላይ ቆመው፣ ሞተሩ እስኪበርድ እየጠበቁ፣ ውሃ እየጨመሩ፣ ስንት ጊዜ ተራ እንዳለፋቸው ረዳቱ ኋላ ነገረኝ። የጎደለውን ከራሳቸው ድርሻ እያሟሉ የእኔን ሒሳብ ሳያጓድሉ ያስገቡ ነበር። ያንን ክዳን በራሳቸው ገንዘብ ለመግዛት አስበው፣ ‹‹ያለ እትዬ ፈቃድ ዕቃ ቀየረ እባላለሁ›› ብለው ፈርተው ተዉት።

ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ ‹‹እትዬ፣ እኔ የምናደደው በገንዘቡ አይደለም። መኪና እንደ ሕፃን ነው፤ አፍ የለውም፤ ስለ እርሱ የሚናገረው ሹፌሩ ነው። ሹፌሩን ካልሰሙት ማንን ይሰማሉ?›› አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ደብተራችን ሁለት ዓምድ አለው፤ በአንዱ ገቢና ወጪ፣ በሌላው ደግሞ ‹‹ሹፌሩ የታዘቡት›› የሚል ነው። ዕለት ዕለት ከሚገባው ገቢም አንድ አምስተኛውን ለጥገና በተለየ ሣጥን እናስቀምጣለን። ይህ ገንዘብ ለሠርግም፣ ለበዓልም አይነካም።

ውድ አንባብያን፣ እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም ማንኛዋም የቤት ወጪ የምትይዝ እናት ልታውቃቸው የምትችላቸው ምልክቶች አሉና በአጭሩ ልዘርዝር።

መጀመሪያ ጭሱን ተመልከቱ። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በልጦ በደንብ አለመቃጠሉን ያሳያል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ወይም ኖዝሎቹ መርጨት ትተው ማንጠባጠብ ጀምረው ይሆናል። የከተማችን አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ላይገርም ይችላል፤ በሜዳ ላይ ሲበዛ ግን መታየት አለበት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎሚኒው አልቋል ማለት ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ቢጠፋ አያስደነግጥም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚቀጥል ከሆነና ውሃም የሚጎድል ከሆነ ግን እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ መኪናዋን በዚያው ቀን አቁሙ።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ለእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ዘይትና የዘይት ማጣሪያ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት። ታክሲ በቀን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ ይህ ማለት በየወሩ ገደማ ነው። ሞተሩ ስድስት ሊትር ያህል ይወስዳል። ወጪው ለእኛ ሁለት ቀን ይሆናል። ይህን ሁለት ቀን የሚሳሳ ሰው ሞተሩ ወርዶ ፋሻው፣ ፒስተኑና ብሮንዚናው ሲቀየር ከ80 ቀን በላይ ይከፍላል።

ሦስተኛው የናፍጣ ንጽሕና ነው። በናፍጣ ውስጥ ውሃና ቆሻሻ አይጠፋም። የናፍጣ ማጣሪያው ዋጋ ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። ከሥሩ ባለው መክፈቻም የተጠራቀመው ውሃ በየጊዜው ይፈሳል። ይህ ችላ ከተባለ ግን ቆሻሻው ወደ ፖምፓውና ወደ ኖዝሎቹ ያልፋል። ኖዝሎቹን ማስጠገን ሰባት ቀን፣ ፖምፓውን ማስጠገን 25 ቀን አስከፍሎናል። አዳዲሶቹ አባዱላዎች ከያዟቸው ሞተሮች አብዛኞቹ ደግሞ በኮምፒዩተር የሚታዘዙና ናፍጣውን በእጅግ ከፍተኛ ግፊት የሚረጩ ስለሆኑ፣ ለቆሻሻ ናፍጣ ጨርሶ ትዕግሥት የላቸውም፤ ጥገናቸውም ከአሮጌዎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ‹‹ዘመናዊ ናት›› ተብላችሁ ስትገዙ ይህንንም አስቡበት።

አራተኛው ታይሚንግ ቺንጋ የሚባለው ነው። ይህ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ሲሆን ፒስተኑና ቫልቩ ሳይጋጩ በየተራቸው እንዲሠሩ ያደርጋል። የሚለወጠው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው። ለቤት መኪና ይህ ብዙ ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ለታክሲ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ቺንጋው ከመበጠሱ በፊት ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም። ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል፤ ያን ጊዜም የቴስታታ ሥራ እንደገና ይመጣል። ቺንጋውንና መወጠሪያውን መለወጥ ስድስት ቀን ወስዶብናል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ፣ በብዙ አሮጌ መኪና ላይም አይሠራም፣ የተለወጠበትን ወርና ዓመት ደብተር ላይ ጻፉ። አሮጌ መኪና ስትገዙም ሻጩ ‹‹ትናንት ነው የቀየርኩት›› ቢላችሁ እንኳ ደረሰኝ ካላሳያችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

አምስተኛ፣ መኪናዋ በጠዋት አልነሣ ስትል ባትሪ ለመግዛት አትቸኩሉ። ሞተሩን በጠዋት የሚያሞቁት ካንዴላዎች ከተቃጠሉም እንዲሁ ታስቸግራለችና መጀመሪያ እነርሱ ይታዩ። ፍሪሲዮን ደግሞ በእኛ ከተማ ዳገትና መጨናነቅ ምክንያት ቶሎ ያልቃል፤ 11 ቀን ያህል ወጪ ነው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ የማትፈጥን ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነውና አዘጋጁለት።

ሌላም ልጨምር። ሞተር ሲግል አንዳንድ ሰዎች ‹‹ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው፤ ይበርዳል›› ይላሉ። ቴርሞስታት ሞተሩ ሰማንያ ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ውሃውን ይዞ የሚያቆይ ትንሽ በር ነው። ናፍጣ በሙቀት የሚቀጣጠል ስለሆነ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ከሆነ ናፍጣ ያባክናል፣ ቶሎም ያልቃል። ውሃ የሚያጎድለው ምክንያት ሳይፈለግ ቴርሞስታት ማውጣት ትኩሳት የያዘውን ልጅ ልብስ ገፎ መተው ነው። የጋለ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን መክፈትም ፊት ያቃጥላልና ሞተሩ ሳይበርድ ማንም እንዳይነካው።

መለዋወጫ ስትገዙ፣ በመርካቶ ሱማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ይገኛል። ያገለገለ በር፣ መስታወት፣ ወንበር ብትገዙ አይከፋም። ያገለገለ ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋና የፍሬን ሸራ ግን በፍጹም አትግዙ። ጋራዥ ስትሰጡም የሚሠራውን በጽሑፍ አድርጉ፤ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ በካርቶን ተረከቡ። ይህን የምላችሁ መካኒክን ለመጠርጠር አይደለም። እኔን ያስተማረኝ ያ የካርቶን ዕቃ ነውና ነው።

ገና ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ መኪናዋን በማለዳ፣ ባለቤቷ ሞተሩን ሳያስነሣ ሄዳችሁ እዩአት። ሞቃ ከጠበቀቻችሁ አንድ የተደበቀ ነገር ሊኖር ይችላል። ቀዝቃዛ እንዳለች ክዳኑን ከፍታችሁ በውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፉን፣ በዘይት መክፈቻውም ነጭ አረፋ መኖሩን ተመልከቱ። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከሞተሩ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። ሰው ጭናችሁ ዳገት አስወጧት። መካኒክ ይዛችሁ ስትሄዱም ደላላው ያመጣላችሁን ሳይሆን እናንተ የምታውቁትን ይሁን።

በዚያች መኪና የምትሳፈሩ ሠራተኞችም ድርሻ አላችሁ። ሹፌር ውሃ ለመጨመር ሲቆም ‹‹አረፈደን›› ብለን የምንጮህበት እኛው ነን። ሹፌሩ በአንድ በኩል የባለቤትን ሒሳብ፣ በሌላ በኩል የተሳፋሪን ቁጣ እየፈራ ሲሠራ መኪናዋ ለምን እንደምታቃስት የሚናገርበት ጊዜ የለውም።

ያቺ ሚኒባስ ዛሬም በሽሮ ሜዳ መስመር ትሠራለች። ጋሼም በየማታው ሒሳብ ሲያስረክቡኝ አስቀድሜ የምጠይቃቸው ስለ ገንዘቡ አይደለም። ‹‹ዛሬ ምን አለች?›› እላቸዋለሁ። እርሳቸው የነገሩኝን በሁለተኛው ዓምድ ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ገንዘቡ የሚቆጠረው። አንዳንድ ማታ ‹‹ምንም አላለችም፣ ደኅና ናት›› ይሉኛል፤ እርሱንም እጽፈዋለሁ። እናንተም ‹‹ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ›› እንደሚባለው፣ ሹፌራችሁ ‹‹ውሃ ትጠጣለች›› ሲላችሁ አትሳቁ። የግማሽ ቀኑን ክዳን በዚያው ማታ ግዙለት።

ሰላም ሁኑ።